ወንበሩን ብዙ ሰው ይሻል፤ ቃሉንስ ማን ይረከባል?

ከተራው ሕዝብ መካከል የተነሣ መሪ ብዙ ተከታይ አፍርቶ ሲያልፍ ሁለት ነገር ትቶ ይሄዳል። አንደኛው ወንበሩ ነው። ሁለተኛው ለሕዝብ የገባው ቃል ነው። ወንበሩን የሚሻ ሰው አይጠፋም። ቃሉን ማን ይረከበዋል የሚለው ጥያቄ ግን በአገራችን ታሪክ ደጋግሞ የተነሣ፣ የዋግ ምድርም በቅርብ የምታውቀው ጥያቄ ነው።

የገበሬ ወገን ሆነው የተነሡት ንጉሥ

በዘመነ መሳፍንት ገበሬው የሚያርሰው ለራሱ ብቻ አልነበረም። በየዘመቻው የሚያልፈው ወታደር ጎተራውን ያራቁት፣ የእርሻ በሬውን ያርድ ነበር። በዚህ ዘመን በቋራ የሸፈቱት ካሣ ኃይሉ ከማረኩት ሀብት ለገበሬው እያካፈሉ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት ያደርጉ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። ካሣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ወታደሩም ደመወዝ እየተከፈለው የገበሬውን ቤት ከመዝረፍ እንዲታቀብ ለማድረግ ሞከሩ። አገርን አንድ ማድረግና ገበሬውን ከዘረፋ ማዳን የተነሡበት ዓላማ ሁለት ክንፎች ነበሩ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የተመሠረተው በአንድ ሰው ፈቃድና ጉልበት ላይ ነበር። ደመወዙን የሚያስችል ቋሚ የግብር ሥርዓት አልተዘረጋም። በቤተ ክህነት መሬት የተነሣው ጠብ፣ በየአውራጃው የተቀሰቀሰው ዓመፅና ማብቂያ ያልነበረው ዘመቻ ንጉሡን ወደ ከፋ ቅጣት ወሰዳቸው። በ1859 ዓ.ም ጎንደር በራሳቸው ጦር ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። ስለዚህ ለገበሬው የተገባው ቃል የተሰበረው ቃል የገቡት ንጉሥ ገና በሕይወት ሳሉ ነበር።

ከመቅደላ በኋላ

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ በእጃቸው የቀረው ግዛት ከአምባው ብዙም አይርቅም ነበር። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ ጦር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። የሥጋ ወራሽ በዚህ አበቃ።

ዘውዱን በዚያው ዓመት የጫኑት የዋጉ ሰው ዋግሹም ጎበዜ ናቸው። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ተሰቅለው የሞቱ በመሆናቸው፣ ጎበዜ ከዋግና ከላስታ የተነሡት የሟቹ ንጉሥ ጠላት ሆነው ነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት እኚህ መሪ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቆዩ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም በአድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት፣ ጦራቸው በቁጥር እጅግ ቢበልጥም፣ እንግሊዞች ትተውላቸው በሄዱት መሣሪያ የተጠናከሩት ደጃዝማች ካሣ ምርጫ አሸነፉ። ካሣም በጥር 1864 ዓ.ም በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ዐፄ ምኒልክም በልጅነታቸው በመቅደላ አሥር ዓመት ያህል በግዞት ኖረው በ1857 ዓ.ም ያመለጡ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። የቴዎድሮስን የአንድነት ዓላማ ወደፊት የወሰዱት ልጃቸው ወይም ታማኝ ሎሌዎቻቸው ሳይሆኑ፣ የወጓቸውና ከእስራቸው ያመለጡ ተቀናቃኞቻቸው ናቸው። አንድነት ለሚነግሥ ሁሉ ስለሚጠቅም ተረካቢ አላጣም። ገበሬውን ከወታደር ዘረፋ ማዳን የሚለው ሌላው ክንፍ ግን ለባለ ዘውድ ወጪ እንጂ ገቢ አልነበረም። በመሆኑም ገባሩ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ሹሙንና ወታደሩን ተሸክሞ ኖረ።

መሪው ሲሞት ያልሞተ ትግል

ከዚህ የተለየ ምሳሌ የሰጠውም ይኸው የዋግ ምድር ነው። በ1928ቱ ጦርነት በተምቤን ግንባር የዋግን ጦር መርተው የተዋጉት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ፣ የጣሊያን ወረራ ከጸና በኋላም በአርበኝነት ቀጠሉ። በመስከረም 1930 ዓ.ም ሲገደሉ ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አሳየ። መሪው ከወደቀ ሁሉም ይበተናል ብሎ ገምቶ ነበር።

ግምቱ ግን ተሳሳተ። አርበኝነቱ በሰሜኑ አገር እስከ 1933 ዓ.ም ድል ድረስ ቀጠለ። ምክንያቱም ትግሉ በአንድ ሰው እጅ አልነበረም። በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ የጎበዝ አለቃ የመምረጥ የቆየ ልማድ አለ። ሹም ሲጠፋ ወይም ክፉ ቀን ሲመጣ የአገሩ ሰው ከመካከሉ የሚያምነውን ይመርጣል፤ ያ ሲወድቅ ሌላ ይተካል። ስንቁን የሚያቀብለው፣ ምሥጢሩን የሚጠብቀው ገበሬው ራሱ ስለነበር ትግሉ ተረካቢ አላጣም።

ኅብረት ሥራም ይህን ፈተና አይቷል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባትና የጭሰኛ ግንኙነትን ሽሮ ገበሬውን በማኅበር አደራጀ። የዘመናት ጥያቄ ከመለሱት ታላላቅ እርምጃዎች አንዱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከላይ በመጣ መመሪያ እየተቋቋሙ መሬትና በሬ በአንድነት እንዲያዝ ተደረገ። በ1982 ዓ.ም መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ ገበሬው መውጣት እንደሚችል በተነገረው ጊዜ፣ በአገሪቱ የነበሩት አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። መሬቱንም በሬውንም አባላቱ ተከፋፈሉት። ያፈረሳቸው የውጭ ጠላት አልነበረም፤ የራሴ ነው የሚላቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ ፈረሱ።

በ1991 ዓ.ም የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም የተተካው አዋጅ ቁጥር 985፣ ከዚህ የተገኘውን ትምህርት ሕግ አድርገውታል። አባልነት በፈቃድ ነው። እያንዳንዱ አባል ያለው ድምፅ አንድ ነው፤ አሥር ዕጣ የገዛም አንድ ዕጣ የገዛም እኩል ይመርጣል። የመጨረሻው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው እንጂ የሊቀ መንበሩ አይደለም። ሒሳብም ይመረመራል።

ለአባላት የሚቀረው

በየማኅበሩ ከባዶ ተነሥተው መጋዘን ያሠሩ፣ ማዳበሪያው በወቅቱ እንዲደርስ ሌት ተቀን የደከሙ መሪዎች አሉ። ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም አንድ ማኅበር ከእነርሱ በኋላ ይኖር እንደሆነ የሚታወቀው በምስጋናው ብዛት አይደለም። ደረሰኝ ማንበብ የሚችለው አባል ስንት ነው? በጉባኤ ተነሥቶ ሒሳብ የሚጠይቀውስ? ሴቶች አባላት በስም ብቻ ናቸው ወይስ በድምፅም አሉ? ወጣቱ ከወዲሁ ሥራውን እየለመደ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ማኅበር መሪው ዛሬ ቢለቅም ነገ መጋዘኑ ይከፈታል።

ቴዎድሮስ ቃሉን በራሳቸው ጉልበት ይዘውት ስለነበር ከእሳቸው ጋር መቅደላ ላይ ቀረ። የዋግ አርበኞች ትግሉን በየመንደሩ ይዘውት ስለነበር የመሪያቸው አንገት ቢቆረጥም አልቆመም። ማኅበርም የሚጸናው አባሉ በእጁ ሲይዘው ነው።