ሚያዝያ 12 ቀን 1966፦ ሰልፉ ካለቀ በኋላ ማን ቀረ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ል. ቅዳሜ ነበር። የዚያን ቀን መቶ ሺህ እንደሚደርስ የተገመተ ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጣ። አብዛኛው ሙስሊም ነው። ብዙ ክርስቲያን ወገኖችም፣ በተለይ ተማሪዎች፣ አብረው ተሰልፈዋል። ጥያቄው አንድ ነበር፦ በገዛ አገራችን እኩል ዜጋ እንሁን።

ስለዚህ ሰልፍ ሲወራ ሁላችንም ደስ ይለናል። ፎቶውን እንለጥፋለን፣ "አባቶቻችን ጀግኖች ነበሩ" እንላለን። እውነት ነው፣ ጀግኖች ነበሩ። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የማንጠይቀውን ጥያቄ እናንሳ። ያ ሁሉ ሕዝብ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ጥያቄውን ማን ያዘው?

▪️ ያን ጊዜ ምን ነበርን?

በ1948 ዓ.ል. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ይፋ ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም የዚያው እምነት ተከታይ መሆን ነበረባቸው። ሙስሊሙ በጋብቻ፣ በፍቺና በውርስ ጉዳይ የሚዳኝባቸው የቃዲ ፍርድ ቤቶች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአዋጅ ታውቀዋል። ከዚያ ባለፈ ግን በሹመት፣ በመሬትና በትምህርት በሩ ጠባብ ነበር። ኢድ ሲመጣ ሠራተኛው ከሥራ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት አይቀርም፤ በዓሉ በመንግሥት ዘንድ በዓል አልነበረምና። በመንግሥት አነጋገር ደግሞ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" እንባል ነበር፤ ልክ ለእንግድነት እንደመጣ ሰው።

1966 ዓ.ል. የዝምታው ዘመን ያበቃበት ዓመት ነው። የወሎ ረሃብ የመንግሥቱን ገመና አጋልጧል። የካቲት ላይ መምህራንና የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፣ ወታደሩ አመጸ፣ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። በየካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሙስሊሙም የራሱን ጥያቄ ይዞ ተነሳ። 13 ነጥቦች ያሉት አቤቱታ ለአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለልጅ እንዳልካቸው መኮንን ቀረበ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓላት ይሁኑ፤ በመንግሥት ሥራ እኩል እንሳተፍ፤ የመሬት ባለቤትነት መብት ይኑረን፤ አገር አቀፍ የሙስሊሞች ምክር ቤትና የወጣቶች ማኅበር ይፈቀድልን፤ መጠሪያችንም "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" ይሁን የሚሉት ዋና ዋናዎቹ ነበሩ።

▪️ ምን ተገኘ?

አምስት ወር ሳይሞላ ዘውዱ ወደቀ። ደርግ ኢድ አልፈጥርን፣ ኢድ አልአድሓን (ዐረፋን) እና መውሊድን ብሔራዊ በዓላት አደረገ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ በእምነቱ ምክንያት መሬት የተነፈገው ገበሬም የእርሻው ባለይዞታ ሆነ። በ1968 ዓ.ል. ደግሞ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሰብሳቢ ቁርኣንን ወደ አማርኛ ከተረጎሙት ዑለማዎች አንዱ የሆኑት ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ በኢድ ቀን መሥሪያ ቤት ሲዘጋ የዚያን ቅዳሜ ፍሬ እየበላን ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። በዓሉ በመንግሥት ፈቃድ መጣ፤ ምክር ቤቱም በመንግሥት ፈቃድ ቆመ። ሰልፉን ያሰባሰቡት ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ብርቱ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ሕዝቡ ሰኞ ወደ ሥራው ሲመለስ በየመስጂዱና በየሰፈሩ ተወካዩን የሚመርጥበት፣ ሲያጠፋም የሚያወርድበት፣ ከኪሱ አዋጥቶ የሚያንቀሳቅሰው የተያያዘ መዋቅር አልነበረውም። ደርግም ነጻ ማኅበራትን ማፈን ሲጀምር የሚከላከል አልተገኘም። ምክር ቤቱ በ1968 ተቋቁሞ በፓርላማ አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ል. ነው። አርባ አራት ዓመት! በ1966 የተሰለፈ የሃያ ዓመት ወጣት ይህን ለማየት ስልሳ ስድስት ዓመት መሙላት ነበረበት።

▪️ 2004፦ ሌላ ዓይነት ትምህርት

ብዙዎቻችን በዓይናችን ያየነውን ደግሞ እናስታውስ። ጥር 2004 ላይ በአወሊያ የተነሳው እንቅስቃሴ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት፦ የመጅሊስ አመራር በነጻ ምርጫ ይተካ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ሕዝቡ 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ መርጦ ወከለ።

ሐምሌ ላይ የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። እንደ ቀድሞው ልማድ ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፤ አላበቃም። የጁሙዓው ተቃውሞ ከዚያ በኋላም ከአንድ ዓመት በላይ ቀጠለ። ለምን? ሥራው በ17 ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ ስላልተጫነ ነው። በየመስጂዱ የሰደቃና የአንድነት ዝግጅት የሚያስተባብር፣ ለምግቡ የሚያዋጣ፣ ተቃውሞው በዝምታ ይሁን ሲባል ዝም የሚያሰኝ፣ ስሜታዊ የሆነውን ወንድሙን ትከሻውን ይዞ የሚያረጋጋ ሰው ነበር። የእነዚህን ሰዎች ስም አናውቅም። እንቅስቃሴው ግን የቆመው በእነሱ ነበር።

ዋጋውም ከባድ ነበር። በ2007 ዓ.ል. በመሪዎቹና አብረዋቸው በተከሰሱት ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። የተፈቱት በተለያየ ጊዜ፣ እስከ 2010 ድረስ ነው። መንግሥት በ2005 የመጅሊስ ምርጫን በቀበሌ ሲያካሂድ ሕዝቡ "ምርጫችን በመስጂዳችን" ብሎ ነበር። ምርጫው በየመስጂዱ የተካሄደው በ2017 ነው። ጥያቄው ለዓመታት ሳይረሳ የቆየው የያዘው ሰው በየሰፈሩ ስለነበረ ነው።

▪️ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

ሲራውን ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ከመሰደዳቸው በፊት ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን (ረ.ዐ.) ላኩ። እሱም ከሰው ቤት አርፎ ሰዎችን በየቤታቸው፣ በየጎሳቸው አስተማረ። በቀጣዩ ዓመት 73 ወንዶችና 2 ሴቶች ዐቀባ ላይ ቃል ኪዳን ሲገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከራሳቸው መካከል 12 ተወካዮች እንዲመርጡ ጠየቋቸው። 9ኙ ከኸዝረጅ፣ 3ቱ ከአውስ ተመረጡ። ከሂጅራው በፊት ሕዝቡን የሚያውቁ፣ ሕዝቡም የሚያውቃቸው ሰዎች ቦታቸውን ይዘው ነበር።

በአገራችንም መሠረቱ አለ። ሐረር ውስጥ አፎቻ አለ፤ የወንዶች ለብቻ፣ የሴቶች ለብቻ ሆኖ ለሰርግና ለሐዘን ይደርሳል። ወሎ ውስጥ ቅሬ አለ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት በአንድ ላይ የሚቀባበሩበት። እነዚህ ማኅበራት ዳኛ ይመርጣሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ የቀረውን ይቀጣሉ፣ ሒሳብ ይጠይቃሉ። የፖለቲካ ትምህርት ቤት ብለን አንጠራቸውም እንጂ ሰው እኩል ሆኖ መወሰንን የሚማረው እዚያ ነው።

▪️ ታዲያ እኛስ?

ዛሬ ስልካችን ላይ አንድ ሐሽታግ በአንድ ሌሊት መቶ ሺህ ሰው ያሰባስባል። የ1966ቱን ሰልፍ የሚያህል ሕዝብ ማለት ነው። ግን በሰፈራችን መስጂድ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስንቶቻችን ተቀምጠን እናውቃለን? የመስጂዱ ገቢና ወጪ ሲነገር ስንቶቻችን ሰምተናል? እህቶቻችን በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ አላቸው? አጠገባችን ያለው የክርስቲያን ጎረቤት ስለ ጥያቄያችን የሰማው ከእኛ ነው ወይስ ከሌላ ሰው?

ከዚህ መጀመር ይቻላል። አሥር ወጣት ይሰብሰብ፤ በወር አንድ ቀን ይቀመጥ። የሰፈሩን አንድ ችግር ይምረጥ፤ የመቃብር ቦታ ሊሆን ይችላል፣ የመድረሳ ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ መታወቂያ ያጣ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ትንሽ መዋጮ ይኑር፣ ሒሳቡ በጽሑፍ ይያዝ፣ ለሁሉም ይነበብ። መሪው በየዓመቱ በድምፅ ይመረጥ፤ የወረደውም ሳያኮርፍ አባል ሆኖ ይቀጥል። ቀበሌ ወይም ወረዳ ሲሄዱ ሦስት ሆነው በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልሱንም ለሰፈሩ ይንገሩ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ለፎቶም አይመችም። በ1966 የጎደለን ግን ይህ ነበር።

የተሰለፉት አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። በሕይወት ያሉት በየሰፈራችን አሉ፤ ከዐስር ሰላት በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ምን እንደተመኙ፣ ምን እንደቀረባቸው ይነግሯችኋል።

አላህ የሞቱትን በጀነት ያኑርልን፣ የታሰሩበትንና የደከሙበትን ይቀበላቸው፤ እኛንም አንድነታችንን አጽንቶ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።