ብርሃንና ሆርሞን፦ የአንድ ጥያቄ ሁለት መንገድ

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1880 ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የካናሪ ሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን እንዴት እንደሚያዘነብል ገልጿል። የቡቃያው ጫፍ ብርሃን በማያሳልፍ ቆብ ሲሸፈን ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ጫፉ ተገልጦ የታችኛው ክፍል ሲሸፈን ግን ያዘነብላል። ብርሃኑን የሚለየው ጫፉ፣ የሚጎብጠው ከበታቹ ያለው ክፍል ከሆነ በመካከላቸው የሚተላለፍ ነገር መኖር አለበት። ጥያቄው ብርሃኑንም መልእክተኛውንም ይዞ ነበር፤ ተከታዮቹ ተመራማሪዎች ግን ሁለቱን ለያይተው ሄዱ።

መልእክተኛውን የያዘው ኔዘርላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ነው። በ1926 ኡትሬክት ውስጥ የአጃ ቡቃያ ጫፎችን ቆርጦ አጋር በሚባለው ዝልግልግ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ አጋሩን ብቻ ቆራርጦ ጫፉ በተቆረጠ ቡቃያ አንድ ጎን ላይ ሲያኖረው ቡቃያው በጨለማ ውስጥ ጎበጠ። ይህ መልእክተኛ ሆርሞን ኦክሲን ተባለ፤ በ1934 ኬሚካላዊ ማንነቱ የታወቀው፣ የሚገርመው፣ ከሰው ሽንት ተጣርቶ ነው። በዚያው በ1926 ጃፓናዊው ኢይቺ ኩሮሳዋ ሩዝን ከመጠን በላይ የሚያስረዝም በሽታ ከፈንገስ በሚወጣ ንጥረ ነገር እንደሚመጣ አሳየ። ጂበሬሊን የተባለው ሆርሞን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

የብርሃኑ ጥናት በአሜሪካ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። በ1952 በሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል የነበሩ የግብርና ተመራማሪዎች የሰላጣ ዘር በቀይ ብርሃን እንደሚበቅል፣ ለዓይን እምብዛም በማይታየው ሩቅ ቀይ ብርሃን ደግሞ እንደሚታገድ አስተዋሉ። ብርሃኖቹ ደጋግመው ቢፈራረቁም የሚወስነው የመጨረሻው ነበር። ለዚህ ተጠያቂ የሆነው ፋይቶክሮም የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን በ1959 ተለየ።

መንገዶቹ የተገናኙት ዘግይተው ነው። በጨለማ ውስጥ ፒፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች ግንድን ያስረዝማሉ፤ በብርሃን የነቃው ፋይቶክሮም ያስወግዳቸዋል። ዴላ የሚባሉት ሌሎች ፕሮቲኖችም በበኩላቸው ፒፍን ይዘው ሥራ ያስፈቱታል፤ ጂበሬሊን ዴላን ሲያጠፋ ፒፍ ይለቀቃል። ሁለት የምርምር ቡድኖች ይህን በ2008 ይፋ አደረጉ። በ2012 ደግሞ ከፒፎች አንዱ በጥላ ሥር ኦክሲን የሚያመርቱ ጂኖችን እንደሚያነሣሣ ታየ። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ስለሚመጥና ሩቅ ቀዩን ስለሚያሳልፍ፣ ተጠጋግቶ የተዘራ ሰብል ጎረቤቱን በፋይቶክሮም አማካይነት ያውቃል፤ ጉልበቱንም ለፍሬ ከማዋል ይልቅ ለቁመት ያውለዋል።