ከማተሚያ ቤት እስከ ሼንጄን፦ የሰርኪውት ቦርድ ረጅም መንገድ

ዛሬ የባለ አራት ንብርብር ሰርኪውት ቦርድ ናሙና የሚሻ መሐንዲስ ማታ ፋይሉን በቻይናዋ ሼንጄን ወዳለ ፋብሪካ ልኮ ይተኛል። ከቀናት በኋላ አምስት ቦርዶች ታሽገው ይደርሱታል። «ራሳችን እንሥራው ወይስ እናሠራው?» የሚለው ሙግት ግን ከሙያው ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ እኛም ከነቋጠሮው ወረስነው።

ፖል አይስለር እ.ኤ.አ. በ1936 ከቪየና ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ፣ የሬዲዮን ሽቦ አንድ በአንድ ከማያያዝ መንገዱን በመዳብ ላይ ማተም ይቀላል የሚል ሐሳብ ነበረው። ፕሌሲ የተባለው ኩባንያ አልተቀበለውም፤ ሽቦ የሚያያይዙት ሴቶች ጉልበት ይረክስ ነበርና። ይህችን ምክንያት ልብ እንበላት፣ ተመልሳ ትመጣለች። ሐሳቡን ያስጠጋው በለንደን ካምበርዌል የነበረ ማተሚያ ቤት ሆነ። አይስለር ውሉን ሳያነብ ፈረመ፤ የፈጠራ መብቱም ለስሙ ያህል በአንድ ፓውንድ ተላለፈ።

ባለ አንድ ገጽ ቦርድ ለሠሪው ታዛዥ ነበር። መዳብ የለበሰ ሰሌዳ፣ የፈሪክ ክሎራይድ ሳፋና ትዕግሥት ካሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ብራናውን ራሱ ፍቆ፣ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ የሚጽፈውን የአገራችንን ጸሐፊ ያስታውሰኛል፤ ነዳፊውና ሠሪው አንድ ሰው ነበሩ። ሁለቱን የለያየው በ1960ዎቹ የተስፋፋው ባለ ብዙ ንብርብር ቦርድ ነው። የውስጥ ገጾቹ ተለይተው ይታተማሉ፤ በመካከላቸው ሙጫ የጠጣ የመስታወት ጨርቅ ገብቶ በጋለ መጭመቂያ ሥር አንድ አካል ይሆናሉ። ከዚያ መሰርሰሪያው የማያያቸውን የመዳብ ነጥቦች መሐል ለመሐል መምታት አለበት። የቀዳዳው ግድግዳ መስታወትና ሙጫ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በኬሚካል ስስ መዳብ ይለብስና በኤሌክትሪክ መንከሪያ ውስጥ 20 ማይክሮን ገደማ እስኪደርስ ይወፍራል። ከሰው ፀጉር የቀጠነው ይህ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ቦርዱ ሲበርድ ሠርቶ ሲሞቅ ሊከዳ ይችላል። በቤት ውስጥ የሚሞክሩትን አደንቃለሁ፤ ብዙዎቹን የሚረታቸው ግን ይኸው ቀዳዳ ነው።

አቅም ያላቸው ኩባንያዎች የራሳቸውን ወርክሾፕ አቆሙ፤ አይቢኤም በኤንዲኮት፣ ቴክትሮኒክስ በኦሪገን። ነዳፊው ኮሪደር ተሻግሮ ሠሪውን «ይህ መስመር አልቀጠነም?» ሊለው ይችል ነበር። ዋጋው ግን በሒሳብ መዝገብ ብቻ አልተከፈለም። በ1979 ኤንዲኮት ላይ በሺህ የሚቆጠር ጋሎን ማጽጃ ኬሚካል ፈሰሰ፤ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ብክለት ለአሥርተ ዓመታት መነጋገሪያ ሆነ። በኋላ ቴክትሮኒክስ የቦርድ ክፍሉን በ1994 ሜሪክስ በሚል ስም ለየው፤ አይቢኤምም የኤንዲኮት ፋብሪካውን በ2002 ሸጠ። የረከሰ ጉልበት ምክንያት ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ውቅያኖስ ማዶ ሆና። በ2000 ገደማ ከዓለም ቦርድ 30 በመቶ ያህሉን ትሠራ የነበረችው አሜሪካ ዛሬ ድርሻዋ 4 በመቶ አካባቢ ነው።

የተራራቁትን ነዳፊና ሠሪ ያግባባቸው የጋራ ቋንቋ ነው። ቦርድ ሠሪዎች የሚቀበሉት የፋይል ዓይነት ስሙን ያገኘው ከጆሴፍ ገርበር ኩባንያ ነው፤ ገርበርም እንደ አይስለር ከቪየና የተሰደደ ሰው ነበር። በ1979 ደግሞ መሐንዲሷ ሊን ኮንዌይ ከ12 ዩኒቨርሲቲዎች 82 የቺፕ ንድፎችን በኮምፒውተር መረብ ሰብስባ፣ በጋራ አሠርታ፣ በ29 ቀን መለሰችላቸው። ዛሬ የማይተዋወቁ ደንበኞች ቦርድ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጋርቶ የሚረክሰው በዚያው ብልሃት ነው።

ስለዚህ ባለ ብዙ ንብርብሩን ማሠራት ሽንፈት አይመስለኝም፤ አሲዱንና የቆሻሻ ውኃውን ማስተናገድ የማይችል ቤት ባይጀምረው ይሻላል። የሚያሳስበኝ ኮሪደሩ ነው። የሠሪው ዕውቀት ዛሬ የሚደርሰን የመስመር ስፋትና የቀዳዳ ልክ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ሆኖ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ሠንጠረዡ አይናገርም። ነገ የጠረጴዛ ላይ ማሽኖች የሥራውን ከፊል ወደ ቤት ይመልሱት ይሆናል፤ ባለ ሁለት ገጹን ቦርድ ዛሬም ጠዋት ቀርጾ ከሰዓት መፈተን ይቻላል። እስከዚያው ከሚላኩልን አምስት ቦርዶች አንዱን በቀዳዳው መሐል በመጋዝ ቆርጠን፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ማይክሮስኮፕ ሥር እናስቀምጠው። የመዳብ መስመሮች ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር የተገናኙበት ቦታ እዚያ ይታያል።