ከሥጋ ደዌ ሕክምና የወረስናት ክር

በስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ፤ ከእጄ የማትለየው መሣሪያም አንዲት የናይለን ክር ናት። ታካሚው ጫማና ካልሲውን አውልቆ ዐይኑን ይጨፍናል። እኔም ክሯን በአውራ ጣቱና በውስጥ እግሩ ላይ እስክትጎብጥ እጫናታለሁ። ስትጎብጥ የምታሳርፈው ኃይል 10 ግራም ያህል ነው። «እማማ፣ ስነካዎት ይንገሩኝ» ብዬ ስጫን ዝም የሚሉ እናቶች አሉ። ያን ጊዜ ነው የምሠጋው።

ክሯ ወደ ስኳር ሕክምና የመጣችው በሥጋ ደዌ በኩል ነው። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሕንድ ውስጥ ቬሎር ሲገባ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣት የሚያልቀው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አንድ ቀን የዛገ ቁልፍ አልከፈት ብሎት ሲታገል፣ አንድ ትንሽ ታካሚ ቀረብ ብሎ አዞረለት። የልጁ ጣት እስከ አጥንቱ ተቆርጦ ይደማል፤ ልጁ ግን አልተሰማውም። ብራንድ ቁስሎችን አንድ በአንድ ሲመረምር ነገሩ ገባው፦ በሽታው ነርቭን ይጎዳል፤ የደነዘዘው እጅና እግር ደግሞ እሳትም እሾህም አያውቅም።

በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ወደነበረው የካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተዛወረ። እዚያ እሱና ባልደረቦቹ በሥጋ ደዌ የተማሩትን ለስኳር ሕመምተኞች እግር አዋሉት። በ1986 የካርቪሎቹ ቢርክና ሲምስ በሁለቱም በሽታ እግራቸው የቆሰለ ሰዎችን ሲፈትኑ፣ ባለ 10 ግራሟ ክር የተሰማችው አንድም አልተገኘም። ክሯ መለኪያ የሆነችው በዚህ ነው።

እኛም አገር የደነዘዘ እግር እንክብካቤ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የአለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ጫማ የሚሠራ የራሱ ክፍል አለው።

በስኳር ሕመም ነርቭን የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየው ስኳር ነው፤ ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጠቁ ከእግር ጣት ይጀምራል። ብዙዎች «ያቃጥለኛል፣ ጉንዳን ይሄድብኛል» ይሉኛል። ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በሕክምና ባንዴ ሲወርድም ማቃጠሉ ሊነሣ ይችላል። ይበልጥ የምፈራው ግን ማቃጠሉ ሲተዋቸው ዳንን የሚሉትን ነው። አንዳንዴ ሕመሙ የሚጠፋው ነርቩ ስሜቱን ጨርሶ ሲያጣ ነው። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ የሚውለው እንዲህ ያለውን እግር ነው።

ስለዚህ የማያመው እግር የበለጠ ይታይ። ማታ ማታ ውስጥ እግርን ማየት፣ ጫማን ከማጥለቅ በፊት በእጅ መዳበስ፣ የደነዘዘ እግርን እሳት አለማሞቅ ወጪ አይጠይቅም። ስኳር ለክቶ ጫማ ሳያስወልቅ የሚያሰናብት ክሊኒክም ሥራውን አልጨረሰም። ይህን ያስተማሩን ወገን ያገለላቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው፤ በእነሱ ቁስል የተገኘውን እውቀት ሳንጠቀምበት እግር ሲቆረጥ ማየት የለብንም።