አንድ ዱላ፣ አንድ ሩር፦ ያለ ወጪ ስለሚጫወቱት ገና ማወቅ ያለባችሁ

ስልካችሁ ላይ ሰዎች እንደ ሳህን ክብ የሆነች ዲስክ በሰንሰለት ወደተሠራ ቅርጫት ሲወረውሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ዲስክ ጎልፍ ይባላል። ከመነሻው ይወረወራል፣ ዲስኩ ካረፈበት ይቀጠላል፣ በትንሽ ውርወራ ቅርጫቱ ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል። የሰንሰለት ቅርጫቱን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ኤድ ሄድሪክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። መጀመሪያ ላይ ዒላማው ዛፍና ምሰሶ ነበር። ጨዋታው ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ርካሽ መሆኑ ነው።

"ደብረ ታቦር ላይ ዲስኩን ከየት እናምጣ?" ካላችሁ፣ ከዚያም የረከሰ የራሳችን ጨዋታ አለ። ገና!

ገና ምንድን ነው?
ሁለት ቡድኖች ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩሯን እየመቱ ወደ ተጋጣሚ ዳር ለማድረስ የሚፋለሙበት ጨዋታ ነው። በትውፊት፣ እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ ተደስተው በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይባላል። ቡድኑ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ ወይም ያገባና ያላገባ ተብሎ ይከፈላል። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ እኩል መሆን ብቻ ነው። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚጋፉ ተነካሁ ብሎ መቆጣት የለም። ዛሬ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ያወዳድርበታል።

ምን ያስፈልጋል?
ዱላ፦ ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ይፈለጋል። ካልተገኘ እርጥቡን እንጨት እሳት ላይ እያሞቁ ማጉበጥና እንደታሰረ ማድረቅ ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደን አትቁረጡ። በደቡብ ጎንደር ከቀረው አገር በቀል ደን ብዙው እዚያው ነው ያለው። ከግቢ የተቆረጠ ባሕር ዛፍም ይሠራል።
ሩር፦ የጥንቷ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ትሠራለች። ለጀማሪ ግን አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ መስፋት ይበቃል። ሰውን ብትመታም አትጎዳም።

የት እና መቼ?
አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ፣ የፋርጣ ማሳዎች ባዶ ይሆናሉ። ማሳው ግን ባለቤት አለው፤ መጀመሪያ አስፈቅዱ። በክረምት ጭቃው አያስኬድም። ራቅ ወዳለ ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ፤ ካልሆነ የሰፈር ሜዳ ይበቃል።

ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁስ?
እዚህ ላይ የዲስክ ጎልፉን ሕግ መዋስ ይቻላል። ዘጠኝ ዒላማ ምረጡ፦ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ የአጥር ምሰሶ። ሩሯን ከመነሻው ምቱ፣ ከቆመችበት ቀጥሉ፣ ዒላማውን እስክትነካ ስንት ጊዜ እንደመታችሁ ቁጠሩ። ዘጠኙን ሲጨርሱ ትንሽ ምት የቆጠረ አሸነፈ። መጋፋት ስለሌለው ለሕፃናትም፣ ለአባትና ለልጅም ይሆናል።

ጥንቃቄ
ገና ቀልድ አይደለም። የእንጨት ሩር ጥርስ ያወልቃል፣ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሳም፤ ሰው ሲወድቅ ጨዋታው ይቆማል፤ ሕፃናት ከአዋቂ ጋር ተቀላቅለው አይጫወቱም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ ቶሎ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ አታጣድፉት፣ ውኃም ያዙ።

ለምን በዓመት አንዴ ብቻ?
ከተማችን ስሟን የምትጋራው በዓል፣ ደብረ ታቦር ወይም ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ሲመጣ ጅራፍ ይጮኻል። ታኅሣሥ 29 (በአራት ዓመት አንዴ 28) ገና ሲሆን ዱላ ይወጣል። በዓሉ ሲያልፍ ግን ዱላው ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ እኛም ወደ ስልካችን እንመለሳለን። አባቶቻችን ሕጉን በቃል ነው የያዙት። ያልተጫወተ ልጅ ደግሞ ለታናሹ የሚያስተምረው የለውም። ጨዋታው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከታየ፣ ቀስ በቀስ ልጆች በቪዲዮ ብቻ የሚያውቁት ይሆናል።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። በመጪው እሑድ ከሰዓት ስድስት ሰው፣ ስድስት ዱላና አንድ የካልሲ ሩር ይበቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሰፈር ካሉት አባት አንዱን "በእናንተ ጊዜ እንዴት ነበር የምትጫወቱት?" ብላችሁ ጠይቁ። ከእኛ ጽሑፍ የተሻለ ሕግ ይነግሯችኋል።