አረፋዋ እስከ ጉበት እንዴት ደረሰች?

ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ አድጎ ዛፍ ላይ ያልወጣ ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። አቮካዶው፣ ማንጎው በየግቢው አለ። አንዱ ወድቆ ሆዱን ይዞ ሆስፒታል ቢመጣ ሐኪሙን የሚያሳስበው ጉበቱ ወይም ጣፊያው ተሰንጥቆ እንደሆነ ነው። ተራ አልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ያሳያል፤ ስንጥቁ ራሱ ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ የተጎዳውም ጤነኛውም ሥጋ ድምፅን የሚመልሱት በተቀራራቢ መጠን ነውና። ሲቲ ስካን ያሳያል፤ ግን ጨረር አለው፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ አንዳንዴ ማስተኛ መድኃኒት ይፈልጋል።

ሌላው አማራጭ አረፋ ነው። አዎ፣ አረፋ!

ነገሩ የመጣው ሳይታሰብ ነው። በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ፣ ሮቼስተር ውስጥ ሬይመንድ ግራሚያክና ፕራቪን ሻህ በቀጭን ቱቦ ቀለም ልብ አካባቢ ሲረጩ፣ በአልትራሳውንዱ ላይ ደመና የመሰለ ነገር ማየታቸውን ጻፉ። ደመናው የቀለሙ አልነበረም፤ አብረው የገቡ ጥቃቅን አረፋዎች ነበሩ። ድምፅ ከፈሳሽ ወጥቶ ጋዝ ሲያጋጥመው በኃይል ይመለሳል።

ታዲያ አምቦ ውሃ ለምን አንወጋም? (ቀልድ ነው፣ እንዳትሞክሩት።) በክንድ የተወጋ ነገር ጉበት ለመድረስ መጀመሪያ በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ማለፍ አለበት። ስለዚህ አረፋዋ ከቀይ የደም ሕዋስ መብለጥ የለባትም። መከራው እዚህ ላይ ነው፦ አረፋ ባነሰች ቁጥር የራሷ ገጽ ጋዙን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ ባዶዋን ከሆነች ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ደም ውስጥ ሟሙታ ትጠፋለች።

መሐንዲሶቹ ሁለት ነገር አደረጉ። ቅባት መሳይ ስስ ሽፋን አለበሷት፣ ውስጧን ደግሞ ደም ውስጥ በቀላሉ በማይሟሟ ጋዝ ሞሉት። ጋዙ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ነው። ስሙን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ኤሌክትሪካል ያጠና ሰው ያውቀዋል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ጣቢያዎች ብሬከር ሲከፈት የሚነሳውን ብልጭታ የሚያጠፋው እሱ ነው። በአማካይ 2.5 ማይክሮሜትር የሆነችው ይህች አረፋ በ2001 አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ አገኘች።

ደግነቱ፣ በዚህ መጠን ያለች አረፋ የምትንቀጠቀጠው አልትራሳውንድ በሚጠቀምበት የድምፅ ክልል ነው። ስትንቀጠቀጥ በራሷ ዜማ ትመልሳለች፤ ማሽኑ የሥጋውን ድምፅ አፍኖ የእሷን ብቻ ይሰማል። ደም የደረሰበት ያበራል፣ የተሰነጠቀው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከደቂቃዎች በኋላ ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል፤ ኩላሊትን አያስቸግርም።

ልጆች ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ ነበሩ። በ2007 ሌሎች የአረፋ መድኃኒቶች ከተሰጧቸው በሽተኞች አንዳንዶቹ በመሞታቸው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2008 አላላው። ለልጆች ጉበት ምርመራ የፈቀደው በ2016 ነው፣ ከግራሚያክ ደመና 48 ዓመት በኋላ! እሱም ጉበት ላይ የታየ እብጠትን ለመለየት ነው፤ ለአደጋ የሚጠቀሙት ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ነው።

ወደ ጊንጆው ልጅ እንመለስ። የአረፋውን ድምፅ ለይቶ የሚሰማ ማሽን ያስፈልጋል፤ ሁሉም አልትራሳውንድ ይህ የለውም። የሠለጠነ ዓይንም ያስፈልጋል። መድኃኒቱስ? ለጉበት የሚሰጠው በኪሎ 0.03 ሚሊ ሊትር ነው፤ ልጁ 20 ኪሎ ከሆነ 0.6 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። አንዱ ብልቃጥ ሲበጠበጥ ግን 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ነው፣ ለነገ አይቀመጥም። የቀረው ይደፋል።