ደለል አይረሳም

ቦሌ ፒኮክ አካባቢ ያደገ ሰው በወንዙ ዳር የነበረውን የአትክልት ማሳ ያስታውሰዋል። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን ይበቅልበት ነበር። በ2002 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍስሐ ኢታና የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ፣ ከፒኮክና ከቄራ ማሳዎች የተለቀሙ ቅጠሎች ውስጥ ምን ያህል ከባድ ብረት እንዳለ ለክተው አሳተሙ። ከዚያ ቀደም በ1998 በፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚጠጡ የአቃቂ አትክልቶች ጽፈው ነበር። ካገኙት አንዱ ነገር ለወጥ ቤታችን ቅርብ ነው፦ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረት ይሰበስባል።

ግን ብረቱ ቅጠሉ ውስጥ አልተፈጠረም። ከየት መጣ?

እስቲ ወንዙን እንከተለው። ቀበና ከእንጦጦ ተነስቶ፣ ግንፍሌን ጨምሮ፣ ቦሌን እየታከከ ወደ ደቡብ ይወርድና ከትልቁ አቃቂ ይቀላቀላል። ትንሹ አቃቂ ደግሞ በምዕራብ በኩል ይመጣል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽ ይረከባቸዋል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር የሚባል ነገር አያይም። እኛ የጣልነው ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ ነው የሚያርፈው ማለት ነው።

የሚያርፈው ደግሞ በአብዛኛው ጭቃ ውስጥ ነው። እርሳስ፣ ክሮሚየምና ካድሚየም ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ አይኖሩም፤ ከደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቀው ይሰምጣሉ። ዛሬ ጠዋት በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የዛሬን ጠዋት ብቻ ይነግራችኋል። ፋብሪካው ፍሳሹን የለቀቀው ትናንት ማታ ከሆነ አምልጧችኋል። ደለሉ ግን የዓመታት መዝገብ ነው። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» እንላለን፤ ይሄኛው ውሃ ደግሞ እያሳሳቀ ነው የሚያስቀምጠው።

ዓለም ይህን የተማረው ከባሕር ነው፣ በጣም ውድ በሆነ ዋጋ። ጃፓን ሚናማታ ላይ ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይለቅ ነበር። ሜርኩሪው ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ሰው ገባ። ዓሣ የበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ሲሆን ፍሳሹ የቆመው በ1968 ነው። ፍሳሹ መቆሙ ግን በቂ አልነበረም፤ ጭቃው አለ። ከ1977 እስከ 1990 ድረስ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የተበከለ ደለል ሲጠረግና ሲቀበር ቆየ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ በሲያትል አቅራቢያ በሚገኘው ፒዩጄት ሳውንድ፣ ኤድዋርድ ሎንግና ፒተር ቻፕማን ደለልን በሦስት ዓይን የማየት ዘዴ አቀረቡ። ኬሚካሉን ለካ። ደለሉን ላብራቶሪ ወስደህ ሕይወት ያለው ፍጡር ጨምርበትና ይኖር እንደሆነ እይ። ከዚያ በቦታው የቀሩትን ትሎችና ነፍሳት ቁጠር። ምክንያቱም ብረት መኖሩና ብረት መግደሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ የታሰረ ብረት ለጊዜው ዝም ሊል ይችላል፤ ጎርፍ ወይም ኤክስካቫተር ሲያገላብጠው ግን ሊለቀቅ ይችላል።

ይህ እውቀት ባሕር ወደሌላት አገር የገባው በትብብር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና ዩኔስኮ የአፍሪካ ከተሞችን የከርሰ ምድር ውሃ ብክለት የሚያጠና ሥራ ሲደግፉ፣ አዲስ አበባ ከዳካር፣ ከባማኮና ከሉሳካ ጋር ተካትታ ነበር። ታምሩ ዓለማየሁ፣ ዳኛቸው ለገሰና ባልደረቦቻቸው ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ የት ላይ ለብክለት እንደሚጋለጥ በካርታ አሳዩ። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ከተማዋ ብዙ ውሃ የምትቀዳው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። በ2016 ደግሞ ምንባለ አስቻለ፣ ይልማ ስለሺና ደረጀ ኃይሉ ከደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጇ ሜሪ ኬሊ-ኩዊን ጋር ሆነው በአዲስ አበባ ወንዞች ሥር ባለው ደለል ውስጥ ያሉትን መርዛማ ንጥረ ነገሮች የሚገመግም ጥናት አሳተሙ።

የዚህ ዓይነት ትብብር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ረቂቅ መጠን የሚለይ መሣሪያ ውድ ነው፤ ውጤቱን የሚፈትሽ ሁለተኛ ዓይንም ያስፈልጋል። ወንዙን የሚያውቀው፣ የትኛው ድልድይ ሥር መውረድ እንደሚቻልና የትኛው ማሳ በየትኛው ቦይ እንደሚጠጣ የሚያውቀው ግን የአገሬው ተመራማሪ ነው። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ይታተማል፤ ከፒኮክ በታች በዚያ ውሃ ጎመን የሚያጠጣው ገበሬ ግን አያነበውም። ጭቃው የኛ፣ ንባቡ የሌላ ሆኖ ይቀራል።

አባ ሳሙኤልን ተመልከቱት። በ1930ዎቹ የተሠራ፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ከ40 ዓመታት በላይ ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው። ተርባይን ይታደሳል። ከግድቡ ጀርባ የተከማቸው ደለል ግን የቀበናንም የቦሌንም የቃሊቲንም ዘመን ደርቦ ይዟል። አዲስ አበባ የራሷን የኢንዱስትሪ ታሪክ የጻፈችበት ትልቁ መጽሐፍ ምናልባት እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወንዞቹ ተራቸው ደርሷል። በ2019 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን በ29 ቢሊዮን ብር የማልማት ዕቅድ ነበር። የእግረኛ መንገድ፣ ሳር፣ መብራት፤ ማን ይጠላል? ግን ዳርቻ ሲያምር ወለሉ አብሮ አይጸዳም። ስለዚህ ወንዝ በተቆፈረ ቁጥር ልንጠይቀው የሚገባ ቀላል ጥያቄ አለ፦ የወጣው ጭቃ ተመርምሯል? ከተመረመረስ ውጤቱ የት ተለጠፈ? ጭቃውስ የማን መንደር ተወስዶ ተደፋ?

ሚናማታዎች ይህን ለመጠየቅ ሲነሱ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር። እኛ ጥናቱ በእጃችን ነው። የቀረው በምንናገረው ቋንቋ ማንበብና መልስ እስኪመጣ መጠየቅ ነው።